አስራ ሁለተኛው በረራ

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ከጅማ በሰዓታችን ገባን። ነፋስ የለ፣ ደመና የለ፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ የለ። ካፕቴን ገብረትንሣኤ ሞተሩን አጠፉና «የሚወራለት ነገር የሌለው በረራ... እሱ ነው በረራ» አሉኝ። ሁሌም ይሉታል። ሁሌም እስቃለሁ። ከዚያ ፎርሜን ከቦርሳቸው አውጥተው አስራ አንደኛው መስመር ላይ ፈረሙ።

አስራ አንድ! አንድ ብቻ ቀረኝ።

ስድስት ዓመት በቀኝ ወንበር ተቀመጥኩ፣ ረዳት አብራሪ እየተባልኩ። ወደ ግራው ወንበር ለመሻገር ሁለት ነገር ነው የሚጠበቅብኝ። አንዱ ይሄ ፎርም ነው፤ አንድ አሰልጣኝ ካፕቴን አስራ ሁለቱንም በረራ አብሮኝ በርሮ፣ ገምግሞ፣ በየመስመሩ ይፈርማል። ሁለተኛው የካፕቴንነት ፈቃድ፣ የኤቲፒኤል ፈተና፤ ሕጉን፣ ደንቡን፣ አሠራሩን ሁሉ ባንድ ቀን የሚጠይቅ ጉድ። ይህን ለማን ነው የማስረዳው? ለአሮጊቷ ማክዳ ይሁን። ስታረጅ ትረሳለች።

ችግሩ... ካፕቴን ኅዳር 9 ስልሳ አምስት ዓመት ይሞላቸዋል። ስልሳ አምስት የሞላው አብራሪ መንገደኛ ጭኖ አይበርም፣ ሕግ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊርማቸውም አይሠራም። ስለዚህ የመጨረሻ በረራቸው ኅዳር 8፣ አክሱም። የተወለዱበት ነው፤ ታላቅ እህታቸው እማማ ጽዮን አሁንም እዚያው ናቸው። ስኬጁል ክፍል «ረዳት ማን ይሁንልዎት?» ቢላቸው «ያቺ ምላሰኛ የፒያሳ ልጅ» አሉ አሉ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ሰባ ደረጃ። ከካፕቴን ጋር ጥናት። ሐኪሙ «ይራመዱ» ካላቸው ወዲህ እሑድ እሑድ ደረጃውን ይወጣሉ፣ እኔንም ያስወጡኛል። በየአምስት ደረጃው አንድ ጥያቄ። የተሳሳተ አምስት ይወርዳል።

«ሬዲዮሽ ዝም ቢል?»

«ራዳር ላይ የሚታየውን ኮድ ሰባት ስድስት ዜሮ ዜሮ አደርጋለሁ።»

«ከአስር ሺህ ጫማ በታች ስለ ምን ይወራል?»

«ስለ በረራው ብቻ።»

«አንቺስ ስለ ምን ታወሪያለሽ?»

«እሱን መጽሐፉ አይጠይቅም ካፕቴን።»

«አምስት ውረጂ!»

ወረድኩ። ሰው ሁሉ ያየናል። ሽቅብ የምትወጣ ሴትዮ ቆማ «ምን አጥፍታ ነው አባባ? ይማሯት እንጂ» አለቻቸው። ካፕቴን ሳቅ ሲያንቃቸው ሐዲዱን ያዙ። የብረት መደገፊያውን ማለቴ ነው። ሐዲድ ምን ሊሠራ ሰባ ደረጃ ላይ ይመጣል? ደክሞኛል።

«ሁለት አብራሪዎች አብረው ምን አያደርጉም?»

«አንድ ዓይነት ምግብ አይበሉም። አንዱን ቢመርዘው ሌላው እንዲያሳርፍ።»

«ለስንት ሰዓት?»

«በኛ ኩባንያ ከበረራ በፊት ሃያ አራት ሰዓት። ግን ሌላ ቦታ እኮ እንዲህ አያጠብቁም...»

«የሌላውን ቦታ እኔ አልጻፍኩትም» አሉ።

እውነት ነው። የኩባንያችንን የአሠራር መመሪያ ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። አራት አውሮፕላን ላለው ኩባንያ አራት መቶ ገጽ! አርባ ዓመት ሲበሩ አንዲት መስመር ዘለው አያውቁም ይባላል። እኔም አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ፒያሳ ተመለስን፣ ባንኮኒ ተደግፈን ማኪያቶ። ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመሩ። «ለሐኪሙ እንዳትነግሪ» አሉኝ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ስድስት ኪሎ ሄጄ የፈተናውን የጥያቄ ጥራዝ ኮፒ አስደረግኩ። ሴትዮዋ ወረቀቱን እያገላበጠች «የምንድነው?» አለችኝ። «የአውሮፕላን።» ቀና ብላ ከእግር እስከ ራስ አየችኝና «ሆስተስ ነሽ?» አለች። ኤጭ! ስንት ዓመት ይህን ልስማ? «አዎ» ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ለመከራከር ጉልበት አልነበረኝም።

ቤት አደይ ገብስ ስትለቅም እኔ አጠገቧ ሆኜ አጠናሁ። አደይ እናቴ ናት፣ ስሟ ለተክርስቶስ፣ የአዲግራት ሴት። ፒያሳ አርባ ዓመት ኖራ አማርኛዋ አሁንም ትግርኛ ትግርኛ ይላል። እንግሊዝኛ አታነብም። መልስ ስሳሳት ግን ታውቃለች።

«ጓለይ፣ እሱ አይደለም መልሱ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ከንፈርሽን ነከስሽ።»

ገልብጬ አየሁ። እውነትም አይደለም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

የነዳጅ ስሌት። ተሳሳትኩ። ደገምኩት፣ ተሳሳትኩ። በኔ ስሌት ከሆነ ጎንደር ሳንደርስ ዓባይ ውስጥ ነን።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

አደይ ሸሚዜን እየተኮሰች «ካፕቴንሽን እሑድ ምሳ ጠርቻቸዋለሁ» አለችኝ። እንዲሁ። የአየር ጠባይ እንደምታወራ። ቁጥራቸውን ከየት አመጣችው? ከስልኬ። ሻወር ስገባ።

«አደይ፣ ሰኞ እኮ በረራ አለን!»

«የጠራኋቸው እሑድ ነው።»

«ሃያ አራት ሰዓት አንድ ዓይነት ምግብ መብላት አንችልም። ደንብ ነው!»

ካውያዋን አቆመች። «ስድስት ዓመት ልጄን ያስተማሩ ሰው ሊሰናበቱ ነው። ቤቴ መጥተው ለብቻቸው ይብሉ?»

«እናንተ ትበላላችሁ፣ እኔ ፓስታ እበላለሁ። ምን አለበት?»

«ጥሕሎ ነው የምሠራው።»

አበቃ። ጥሕሎ! የገብሱ ሊጥ እየተድቦለቦለ፣ በሹካ እየተወጋ፣ ሁሉም ከአንድ ሳህን ወጥ እየነከረ... ለየብቻ ከተበላማ ጥሕሎ አይባልም። ደንቡን የሚያፈርስ ምግብ ፈልጊ ብትባል ከዚህ የባሰ አታገኝም ነበር።

«ሰው ምን ይለኛል? ልጇን ከገበታ ለየች ነው የሚለኝ» አለችና ካውያዋን አነሳች። ኮሌታዬ ተቃጥሏል። ይቅርታም አላለችኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጁስ ቤት ቁጭ ብዬ ሰማንያ ጥያቄ ሠራሁ፣ ሰባ አንድ አገኘሁ። ለራሴ ሽልማት፣ የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ። አቮካዶው ጠቆር ብሎ ነበር... ጠጣሁት። ቤት ስመለስ አደይ ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ተሸክማ ገባች። ከአዲግራት የመጣ ዘመድ ደግሞ አጅቦ አምጥቶላታል። አይብ ነው፣ እሷ ግን አይብ ስንለው አትወድም።

ነገ ፓስታ እበላለሁ። ወስኛለሁ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ካፕቴን ልክ በሰባት ሰዓት በሩን አንኳኩ። ሙሉ ልብስ፣ ክራባት፣ በእጃቸው ኬክ። አደይን በትግርኛ «ከመይ ኣለኺ» ሲሏት ፊቷ በራ። ከዚያ እኔን ማን ያየኛል? ሁለቱ ትግርኛቸውን ለቀቁት። ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹ አመለጠኝ።

እኔ ፓስታዬን በሳህን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። የተቀጣች ልጅ መስያለሁ። አደይ ሊጡን እያድቦለቦለች ለካፕቴን ትደረድራለች፣ ወደኔ ግን አትዞርም። እያየች አታየኝም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን «እኔ እንኳ ሦስታችን አንድ ላይ ብዬ ነበር» አለች። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ በዚህ ቤት ጥሕሎ ተሠርቶ አያውቅም። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ካፕቴን ሹካቸውን አስቀመጡ። እኔን አዩ፣ አደይን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሃያ አራት ሰዓት ብሎ የጻፈው ማነው?»

«እርስዎ።»

«በረራው በስንት ነው?»

«በአምስት። ሃያ ሁለት ሰዓት ነው የቀረው ካፕቴን። ሁለት ይጎድላል።»

«ሁለት ሰዓት» አሉ። ለራሳቸው። ከዚያ አንዱን ድብልብል ወጉ፣ ወጡ ውስጥ ነከሩት፣ አጅቦ አስነኩት፣ እጃቸውን ዘረጉ ወደ አፌ።

ምን ላድርግ? ስድስት ዓመት ያስተማሩኝ ሰው እጃቸው አፌ ድረስ መጥቷል። እንቢ ይባላል? አስቤ አልጨረስኩም፣ ጎረስኩ። ከዚያ እኔ አጎረስኳቸው። ከዚያ አደይ ሁለታችንንም፣ በየተራ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። ፓስታው በረደ።

እንዲህ ጣፍጦኝ በልቼ አላውቅም። ካፕቴን ክራባታቸውን አላሉ። ነገ እማማ ጽዮን አየር ማረፊያው አጥር ጋ እንደሚቆሙ ነገሩን። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። በልጅነታቸው ካፕቴንን ጭራሮ ለቀማ ይዘዋቸው ሲሄዱ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር «አንተ ትነዳዋለህ» ይሏቸው ነበር አሉ። ካፕቴን አርባ ዓመት ሲበሩ እህታቸው አንድም ቀን መጥተው አላዩአቸውም። ነገ ሊያዩ ነው።

በር ላይ ሲሰናበቱን «ነገ አስራ ሁለተኛው» አሉኝ። «አሥር ጊዜ እንዳትቆጥሪው፣ ተኚ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ቆጥሬዋለሁ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ጠዋት። በአስራ ሁለት ሰዓት ሆዴ ቀሰቀሰኝ። መጀመሪያ ፍርሃት መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ሦስተኛው ላይ አስመለሰኝ። ፍርሃት አይደለም።

አደይ ደህና ናት፣ ኪዳን አድርሳ ከጊዮርጊስ ተመልሳ ቁርስ ትበላለች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ። አሁን ሻል ብሎኛል እኮ... ሻይ ጠጥቼ ብሄድስ? አይሆንም። ሰማይ ላይ ቢመለስብኝስ? እሺ፣ እኔ እቀራለሁ። ይሄ አልከበደኝም።

የከበደኝ ሌላ ነው። የታመመ ሲደውል ምን እንደበላ ይጠየቃል። ጥሕሎ ካልኩ «ከማን ጋር?» ይመጣል። ያኔ ካፕቴን አይበሩም። ነገ ደግሞ ስልሳ አምስት ናቸው። ሌላ ቀን የላቸውም። አጥሩ ጋ ደግሞ እማማ ጽዮን... በላዩ ላይ የራሳቸውን ደንብ የሻሩት በመጨረሻ ቀናቸው ነው ተብሎ ይወራል።

ጉንፋን ብልስ? አንዲት ቃል። ጉንፋን። ተጠባባቂው ሃፍቶም ይገባል፣ ካፕቴን ይበራሉ፣ እኔ ተከናንቤ እተኛለሁ። ማን ያውቃል? እግዜርና አደይ። የኔ ፎርምማ ይቅር፣ ከሌላ አሰልጣኝ ጋር ከአንድ ብዬ እጀምራለሁ፣ አንድ ዓመት ነው። አልሞትም።

ግን ከአንድ ሳህን ነው የበላነው። የኔ በአስራ ሁለት ከጀመረ የሳቸው በስድስት ቢጀምርስ? አክሱም ተራራ ለተራራ ሲወርዱ? ሃፍቶም ከመጣ አራት ወሩ ነው፣ አክሱም አርፎ አያውቅም። ከኋላው አርባ ስምንት ሰው።

ካፕቴን ጋ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩ። ድምፃቸውን ከሰማሁ እንደምዋሽ አወቅሁ። ስለዚህ ስኬጁል ክፍል፣ እንቁ ጋ ደወልኩ።

«እንቁዬ፣ አልችልም ዛሬ። ሆዴን ታምሜያለሁ።»

«ውይ! ምን በልተሽ?»

«ጥሕሎ። ትናንት ምሳ።»

«ከሌላ የበረራ ሠራተኛ ጋር?»

...

«ማኪ? አለሽ?»

«ከካፕቴን ጋር። ከአንድ ሳህን።»

«ምን እያልሽ እንደሆነ ገብቶሻል? ዛሬ እኮ...»

«እንቁ፣ ጻፊው!» ጮህኩባት። ምንም ሳታጠፋ። ከዚያ ዘጋሁት።

ካፕቴን በሁለት ሰዓት ደወሉ። መጀመሪያ ያሉት «እንዴት ነሽ?» ነው። ከዚያ እሳቸው ደህና መሆናቸውን ነገሩኝ። ዩኒፎርም ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር።

«ቀድመሽ ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ለርስዎ ብነግር ለነሱ አልነግራቸውም ነበር።»



«አሁን ለእህቴ ምን ልበላት?» አሉ። ድምፃቸው እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።  ዘጉት።

ከሰዓት። የኦፕሬሽን ኃላፊው ካፕቴን ሉልሰገድ ራሳቸው ሃፍቶምን ይዘው በረሩ። በሰላም ደርሰው በሰላም ተመለሱ። እማማ ጽዮን አጥሩ ጋ እስከ ስምንት ሰዓት ቆሙ አሉ፣ ወንድማቸው እንደማይመጡ የሚነግራቸው ስልክ ሳይደርሳቸው። ይህን እንቁ ነች የነገረችኝ። ባትነግረኝ ምን ነበር?

ካፕቴን እስካሁን ምንም አልሆኑም። ደህና ናቸው። ሙሉ ደህና። ጠዋት እንኳ ባይሆን አሁን ትንሽ፣ እንዲያው ቁርጠት ቢጤ... ምን እያልኩ ነው? አስተማሪዬን እንዲያማቸው እየተመኘሁ ነው? ይቅር ይበለኝ።

ትራሱን በእንባ አርሼዋለሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ስልሳ አምስት ሞላቸው። ደወልኩ። አላነሱም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ሥራ ገባሁ፣ ወረቀት ሥራ ብቻ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንዱ ፌዘኛ ሹካ የወጋው ድብልብል ስሎ የካፕቴን ኮፍያ አልብሶታል። ሰው ከቦ ይስቃል። ቀድጄ ቦጫጭቄ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩትና «የሳለው ወንድ ከሆነ ፊቴ ቆሞ ይሳል!» አልኩ።  

ሳቃቸው በኔ ቢሆን ግድ የለኝም ነበር። በሳቸው ግን...

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አደይ አኩርፋኛለች። «በምግቤ አሰደብሽኝ» ነው ነገሩ። ከእሑድ የተረፈውን አጅቦ ሰኞ በላች፣ ማክሰኞ በላች፣ ረቡዕ ጾም ነውና ጠበቀች፣ ዛሬ ፊቴ ቁጭ ብላ ሳህኑን ጠርጋ ጨረሰችው። ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል። ምንም አልሆነችም! እንዲያውም ፊቷ ወዝቷል።

ያን ጊዜ ያ ጠቆር ያለ አቮካዶ ትዝ አለኝ። የቅዳሜው ጁስ። ወይ አምላኬ... ጁሱ ይሆን? ጥሕሎው ንጹሕ ከነበረ ሰውየውን ያስቀረኋቸው በጁስ ነው?

ነገርኳት። ተቆጥታ ትገድለኛለች ብዬ ነበር። ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«ሰኞ ጠዋት ስትደውዪ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም።»

«አሁንስ እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ምን ታለቅሻለሽ» አለችና ስልኳን አንስታ ካፕቴን ጋ ደወለች። ለሷ አነሱላት! «ካፕቴን፣ ሆድዎን እንዴት አደረገዎት?» ስፒከር ላይ ነው። «እንደ ብረት» አሉ። «ይኸው!» አለችኝ በዓይኗ። ከዚያ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያስገደድኩት» አለቻቸው። ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁ። ካፕቴን «እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ማክዳን ላገናኝዎት?» አለች አደይ።

«ፈተና አላት። ታጥና።»

ዘጉት። ታጥና! እሺ። አጠናለሁ። ምን አባቱ!

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ተፈተንኩ። ከጠዋት እስከ ማታ፣ በመሀል ለምሳ አንድ ሰዓት። ሕግ ቀለለኝ። የነዳጅ ስሌቱ ላይ ዓባይ ውስጥ አልገባሁም። ስለ ምግብ አንድም ጥያቄ አልመጣም። አንድም!

ስወጣ በሰባ ደረጃ በኩል ወደ ቤት ሄድኩ። ብቻዬን። ማንም ውረጂ የሚለኝ የለም፣ ግን መሀል ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ናፈቁኝ። እንዲህ በቀላሉ መጻፍ ይቻላል ለካ። ናፈቁኝ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ አልችልም።

ጠዋት ውጤት መጣ። አለፍኩ። ሰማንያ ዘጠኝ። አደይ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ጎረቤት ሁሉ ሰርግ መሰለው። ከዚያ ካፕቴን ሉልሰገድ ቢሮ ተጠራሁ። ከፎርሙ ልሰናበት ነው ብዬ ገባሁ፤ አስራ አንድ መስመር ተሞልቶ አንዱ ባዶ፣ አሰልጣኙ የለ፣ እንግዲህ ከአንድ ብዬ ልጀምር። ንግግሬን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ፎርሜን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። «ይህን ያየሽ አይመስለኝም» አሉኝ።

አስራ ሁለተኛው መስመር ባዶ አይደለም። የካፕቴን ገብረትንሣኤ እጅ ጽሑፍ፣ ያ የማይነበብ። እዚህ እንዳለ ልገልብጠው፦

ቀን፦ ኅዳር 8። መስመር፦ አዲስ አበባ – አክሱም። የበረራ ሰዓት፦ ዜሮ።
አስተያየት፦ የአሠራር መመሪያውን የሻርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው። ረዳቴ ለኔ አዝና ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም። ካፕቴን መሆን ትችላለች።

ፊርማ። ሰዓት፦ ስምንት ከሃያ።

ስምንት ከሃያ! እኔ ትራሴን ሳረጥብ። እማማ ጽዮን ከአጥሩ ሲመለሱ። እሳቸው ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ቢሮ መጥተው፣ ፊርማቸው በሚሠራበት በመጨረሻው ቀን፣ በኔ ተናደው... ይህን ጻፉ። ከዚያ ሁለት ሳምንት አኮረፉኝ!

ካፕቴን ሉልሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቼም ያልተበረረ በረራ አልቆጥርልሽም። አስራ ሁለተኛውን ዓርብ ከኔ ጋር ትበሪያለሽ። አስራ አንዱ ግን ይያዝልሻል፣ ይህም ወረቀት ከፋይልሽ አይወጣም።» አመሰገንኩ መሰለኝ። አላስታውስም።

ኮሪደር ላይ ደወልኩ። ሦስቴ ጠራ። አነሱ! አክሱም ናቸው፣ እህታቸው ቤት። ከኋላ የእማማ ጽዮን ድምፅ ይሰማል፣ «እሷ ናት? እሷ ናት?» ይላሉ።

«አለፍኩ፣ ካፕቴን።»

«ስንት?»

«ሰማንያ ዘጠኝ።»

«ዘጠናው የት ሄደ?»

«ካፕቴን... ፎርሙን አየሁት። አስራ ሁለተኛውን ግን አልተቀበሉትም።»

«እንዴት አድርገው ይቀበሉታል! ደንቡን የጻፍኩት እኔ። ቢቀበሉት ኖሮ መጥቼ የምከሳቸው እኔው ነበርኩ።»

«እና ካወቁ ለምን ሞሉት?»

ከእማማ ጽዮን ድምፅ ራቅ ሲሉ ሰማሁ።  

«አንቺ እንድታነቢው ነዋ» አሉኝ።

 ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሳቸውም አልዘጉትም።